የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳይጠፋ መድረስ፦ የምዘና ውጤትን ተማሪ ለማቆየት የማዋል አሠራር

ድሬዳዋ ላይ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሒሳብ አስተምራለሁ። ከቆዩት የውጤት መዝገቦቼ በአንዱ ውስጥ ዛሬም ባየኋት ቁጥር የምታመኝ አንዲት ረድፍ አለች። የመጀመሪያው ኩዊዝ ከአሥር ስምንት፣ ሁለተኛው ባዶ፣ ሚድ ባዶ፣ ፋይናል ባዶ። ተማሪዋ በመጀመሪያው ኩዊዝ ከክፍሉ ከቀደሙት አንዷ ነበረች። ሁለተኛውን ስትቀር ባዶውን ሣጥን አየሁትና አለፍኩት። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከስሟ ፊት ኤንጂ (ውጤት የለም) ጽፌ መዝገቡን አስረከብኩ። ምን እንዳገኛት የሰማሁት በዓመቱ፣ ከአገሯ ልጅ ነው። እናቷ ታመው ልታስታምም ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ያመለጣትን ፈተና ማን ዘንድ ቀርባ እንደምትጠይቅ ስላላወቀች ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች። ነገሩን የሚናገረው ምልክት ግን በስድስተኛው ሳምንት እጄ ላይ ነበር።

እንዲህ ያለውን ምልክት በጊዜ አይቶ ተማሪን የማቆያ አሠራር የምጽፈው ለመምህራን፣ ለአንደኛ ዓመት አስተባባሪዎችና ለሬጅስትራር ባልደረቦች ነው። አዲስ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። ኤክሴል ያለበት አንድ ኮምፒውተር፣ የየመምህሩ የውጤት መዝገብ፣ በሳምንት ግማሽ ቀን የሚሰጥ አንድ ሰው፣ ከዚያም የተማሪ በር ለማንኳኳት ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት መምህራን ይበቃሉ። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው።

አንደኛ፦ ለሥራው ባለቤት ሰይሙለት

የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች በ2012 ዓ.ም. ከተመለሱ ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪ በተፈጥሮ ወይም በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ተመድቦ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ይማራል፤ የራሴ የሚለው ዲፓርትመንት ግን ገና የለውም። የሎጂኩ መምህር ተጠሪነቱ ለአንዱ ዲፓርትመንት፣ የሒሳቡ ለሌላው ነው። ሁላችንም የልጁን ቁራጭ እንጂ ሙሉውን አናይም። በአራት ኮርሶች አንድ አንድ ፈተና የቀረ ተማሪ በእያንዳንዱ መምህር ዓይን «አንድ ፈተና ያመለጠው» ልጅ ነው። አራቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ብቻ ልጁ ለመሄድ መነሣቱን ያያል።

ስለዚህ መዝገቦቹን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ አንድ ሰው በደብዳቤ ይሰየም፤ የሚያጠፋው ሰዓትም ከማስተማር ሎዱ ላይ ይቀነስለት። በበጎ ፈቃድ ብቻ የተጀመረ ሥራ የሚድ ፈተና እርማት ሲመጣ ይቆማል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ያቆምኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፦ «ጠፋ» ስትሉ ማንን ማለታችሁ እንደሆነ ተስማሙ

በስብሰባ ላይ አንዱ «የማቋረጥ መጠናችን ትንሽ ነው» ይላል፣ ሌላው «ብዙ ነው» ይላል፤ ሁለቱም ቁጥር ይዘዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ከምን ላይ እንደሚቆጥሩ ስላልተስማሙ ነው። ለምሳሌ 500 ተማሪ ተመድቦ 470ው ተመዝግቦ በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ 400 ተማሪ ቢመዘገብ፣ ከተመደበው ሲሰላ 80 በመቶ፣ ከተመዘገበው ሲሰላ 85 በመቶ ቆይቷል ማለት ነው። እኔ የምመክረው ከተመዘገበው መቁጠርን ነው፤ በራችንን ረግጦ ያልገባን ልጅ እኛ አላጣነውም። ያልመጡትን ለብቻ መዝግቡ፤ ስለ እነሱ የሚጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ የወጡትን በአራት ክፈሉ፤ በውጤት የተሰናበተ፣ ፎርም ሞልቶ በዊዝድሮው (ትምህርቱን በሥርዓት ለጊዜው አቋርጦ) የወጣ፣ ወደ ሌላ ተቋም የተዛወረ፣ ምንም ሳይናገር የቀረ። የተዛወረው አልጠፋም። በዊዝድሮው የወጣው የመመለሻ መንገድ ይዞ ሄዷል። እጅግ የሚያሳስበው አራተኛው ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው መዝገብ ላይ ከተሰናበተው ጋር ተደባልቆ «ወደቀ» ይባላል። ያልተፈተነ ልጅ ወደቀ ሲባል መፍትሔውም ማጠናከሪያ ትምህርት ይሆናል፤ ልጁ ግን ሒሳብ አላቃተውም። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ስም ዝርዝር አውጥታችሁ በዚህ መልክ ለዩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ የምታደርጉትን ሁሉ ግን ይወስነዋል።

ሦስተኛ፦ መዝገቦቹን በመታወቂያ ቁጥር አገናኙ

በስም ለማገናኘት አትሞክሩ። መሐመድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በአራት ዓይነት ይጻፋል፤ በአንድ ሴክሽን ውስጥም የአባት ስማቸው ጭምር አንድ የሆነ ሁለት ተማሪዎች ሊኖሩ ይችላሉ። የተማሪው መታወቂያ ቁጥር በሁሉም መዝገብ የመጀመሪያው ዓምድ ይሁን። ቁጥሩ ውስጥ ያለው እዝባርና ክፍት ቦታ በሁሉም ፋይል አንድ ዓይነት መሆኑን ካረጋገጣችሁ፣ የቀረውን ኤክሴል በቪሉክአፕ ቀመር በደቂቃ ያገናኘዋል።

የሚገቡት ዓምዶች ጥቂት ናቸው፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት በየትምህርቱ፣ ተማሪው በቀጥታ የገባ ወይም በሪሜዲያል (50 በመቶ ላላመጡ በሚሰጥ የማብቂያ ትምህርት) ያለፈ መሆኑ፣ በየኮርሱ የመጀመሪያው ምዘና ውጤት፣ እስከ አራተኛው ሳምንት የቀረባቸው ክፍለ ጊዜያት፣ በኋላም ሚድ። የሪሜዲያሉን ዓምድ አትዝለሉት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ክፍላችን ውስጥ ካለው ተማሪ ብዙው የገባው በሪሜዲያል ነው። የእነዚህ ልጆች የ12ኛ ክፍል ውጤት እርስ በርስ በጣም የተቀራረበ ስለሆነ ማን እንደሚቸገር ለይቶ አይናገርም። ለእነሱ የሚናገረው የሪሜዲያሉ ውጤትና የራሳችሁ የመጀመሪያ ፈተና ነው።

አራተኛ፦ በሦስተኛው ሳምንት ፈትኑ፣ የቀረውን ዜሮ አትበሉት

የመላው አሠራር አንጓ እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሚድ ፈተና ለማወቂያ ይዘገያል። በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ሳምንት ተሰጥቶ፣ ታርሞ እስኪመለስ የሴሚስተሩ ሁለት ሦስተኛ ያልቃል። በሦስተኛው ሳምንት የሚሰጥ የ20 ደቂቃ አጭር ፈተና ያስፈልጋል። ነጥቡ ከ5 በመቶ አይብለጥ፤ ነገር ግን ነጥብ ይኑረው፤ ነጥብ የሌለውን ተማሪው በቁም ነገር አይሠራውም። በአንድ ሳምንት ውስጥ አርማችሁ መልሱ።

መዝገቡን ስትሞሉ ሦስት ነገሮችን ለዩ። ተፈትኖ ምንም ያላገኘ 0 ይጻፍለት። ሳይፈተን የቀረ «ቀ» ይጻፍለት። ፈቃድ አምጥቶ የቀረ «ፈ» ይጻፍለት። ባዶ ሣጥን አትተዉ። ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ግን አስቡት። ኤክሴል አማካይ ሲያሰላ ባዶውንና ፊደሉን ይዘላል፤ ዜሮውን ግን ይደምራል። ለቀሩት ሁሉ ዜሮ የሰጠ መምህር የክፍሉን አማካይ ያለ አግባብ ዝቅ አድርጎ «ክፍሉ ደካማ ነው» ይላል። ባዶ የተወ ደግሞ የቀሩትን ከነጭራሹ ከዓይኑ ያጠፋቸዋል። «ቀ» ከተጻፈ ግን አንድ ተማሪ በሁሉም ኮርሶች ስንት ጊዜ እንደቀረ በአንድ ቀመር ይቆጠራል።

እኔ ከዓመታት መዝገቤ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ከአሥር ሦስት ያመጣ ልጅ አሁንም ከእኛ ጋር ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ታግሎ፣ ስሙን ጽፎ መልሷል። ያልመጣው ነው ከእጃችን እየወጣ ያለው። እኛ ግን ልማዳችን የሦስቱን ልጅ ቢሮ ጠርተን መምከር፣ ያልመጣውን «ራሱ ያውቃል» ብለን መተው ነው።

ፈተናው ራሱ ምን ይጠይቅ? ተማሪው የት ላይ እንደተሰናከለ እንዲያሳይ ተደርጎ ይዘጋጅ። እኔ ጥያቄዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጌ አወጣለሁ። አንዱ 15ሀ + 20 = 80 ይላል፤ «ሀ»ን አውጣ። ሁለተኛው ያንኑ ስሌት በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ያቀርባል፦ ከቀፊራ ወደ ሳቢያን የሚሄድ ባጃጅ መነሻ 20 ብር፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 15 ብር ቢያስከፍልና ተሳፋሪው 80 ብር ቢከፍል መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን የሳተ ተማሪ ችግሩ ሒሳብ አይደለም፤ የማስተማሪያው ቋንቋ ነው። ሁለቱንም የሳተ ከመሠረቱ ይጀምራል። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪ የሚናገሩ ልጆች በአንድ ወንበር በሚቀመጡበት ከተማ ይህን ሳይለዩ «ሒሳብ አይችሉም» ማለት ግፍ ነው።

አምስተኛ፦ ተማሪውን ከመመዘናችሁ በፊት ጥያቄውን መዝኑ

ውጤቱን በድምር ብቻ አትመልከቱ፤ በየጥያቄው ክፈቱት። 60 ተማሪ ባለበት ሴክሽን አንድን ጥያቄ በትክክል የመለሱት 15 ብቻ ከሆኑ፣ ማለትም 25 በመቶ፣ ጉድለቱን በተማሪው ላይ ከማላከክ በፊት ትምህርቱ እንዴት እንደተሰጠ ጠይቁ።

ሁለተኛው ስሌት አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ምሁር ትሩማን ኬሊ በ1939 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የ27 በመቶ መንገድ ነው። ተማሪዎቹን በድምር ውጤት በቅደም ተከተል አስቀምጡ። ከላይ 27 በመቶ፣ ከታች 27 በመቶ ውሰዱ፤ ለ60 ተማሪ 16፣ 16 ይሆናል። ለአንድ ጥያቄ ከላይኞቹ 13፣ ከታችኞቹ 4 በትክክል ከመለሱ ልዩነቱ 9 ሲካፈል ለ16፣ ማለትም 0.56 ነው፤ ጥያቄው የሚያውቀውንና የማያውቀውን በደንብ ለይቷል። ከ0.2 በታች ከሆነ ጥያቄውን መልሳችሁ አንብቡት። ከላይኞቹ 5፣ ከታችኞቹ 6 መልሰውት ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከወረደ ግን በቅድሚያ የመልስ ቁልፉን መርምሩ። የመልስ ቁልፍ ስሕተት ተማሪን ማስጠንቀቂያ ውስጥ ሲከት አይቻለሁ፤ ስሕተቱ የተገኘውም ልጁ ራሱ ደፍሮ ስለጠየቀ ነው። ሁሉም አይደፍርም።

ድሬዳዋ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አነጻጽሩ፤ የፈተናውን ሰዓት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፤ ከደጋ የመጣ ልጅ በሚያዝያና በግንቦት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲፈተን ምን እንደሚሰማው እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ጠዋት የተፈተኑትንና ከሰዓት በኋላ የተፈተኑትን ሴክሽኖች ውጤት ለዩት። ተመሳሳይ ፈተና ሆኖ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ መለወጥ ያለበት የፈተናው ፕሮግራም ነው።

ስድስተኛ፦ የማንቂያ ደንባችሁን ባለፉት ዓመታት መዝገብ ፈትሹ

አሁን ማን ዘንድ መሄድ እንዳለባችሁ የሚወስን ደንብ አውጡ። ቀላል ይሁን። እኔ በሦስት ምልክት እሠራለሁ፦ በየትኛውም ሁለት ኮርሶች የመጀመሪያውን ምዘና መቅረት፤ እስከ አራተኛው ሳምንት ከክፍለ ጊዜው ሩቡን መቅረት፤ በሁለት ኮርሶች ከ40 በመቶ በታች ማምጣት። የመጀመሪያው ምልክት ብቻውን ይበቃል። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ግን ሁለቱም ሲገኙ ነው የምነሣው።

ደንቡ የሚሠራ መሆኑን በግምት አትመኑ። ባለፈው ዓመት መዝገብ ላይ ተግብሩት። እንበልና ከ400 ተማሪ 60ው ወጥተዋል፤ ደንባችሁ 90 ተማሪዎችን ቢያነሣና ከእነዚህ 42ቱ በእርግጥ የወጡ ቢሆኑ፣ ከሚጠፉት 70 በመቶውን ይዟል፤ 48ቱን ደግሞ ያለ ምክንያት አንሥቷል። መስፈርቱን አላልታችሁ 180 ብታነሡ ምናልባት 51 ትይዛላችሁ፤ 129ኙ ግን በደህና የነበሩ ናቸው። የትኛው ይሻላል? መልሱ ያለው በእግራችሁ ነው። ስድስት መምህራን እያንዳንዳቸው በሁለት ሳምንት 15 ተማሪ ካነጋገሩ 90 ይሆናል። ሊዳረስ የማይችል ስም ዝርዝር ከመጀመሪያው አታውጡ። ያለ ምክንያት ለተነሣው ልጅ ደግሞ «ደህና ነህ ወይ?» መባል የሚጎዳው ነገር የለም፤ በዚህ አልጨነቅም።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ብሔርና የመጡበት ክልል በደንቡ ውስጥ አይግቡ። ባለፉት ዓመታት ከአንድ አካባቢ የመጡ ልጆች በብዛት ወጥተው ቢሆን እንኳ፣ ያ እኛ ምን እንዳላሟላን የሚነግረን እንጂ አዲሱን ልጅ ገና ሳይፈተን የሚፈረጅበት አይደለም። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ በማስታወቂያ ሰሌዳም ሆነ በቴሌግራም ቡድን አይለጠፍ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው የግል መረጃ እንዴት እንደሚያዝ በሕግ ደንግጓል፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ ስሙ ከ«ደካሞች» ተርታ ተለጥፎ ያየ ልጅ በማግሥቱ ክፍል አይመጣም። ፋይሉ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ እያንዳንዱ አነጋጋሪ የራሱን 15 ስም ብቻ ይያዝ።

ሰባተኛ፦ ሂዱና አነጋግሩ

ልጁን ቢሮ አታስጠሩት። «መምህር ይፈልጉሃል» ሲባል የሚሰማው ፍርሃት ነው፤ ግማሹ አይመጣም። ዶርሙ ሂዱ፤ አስቀድማችሁ ለፕሮክተሩ (ለዶርሙ ተቆጣጣሪ) ንገሩ፤ ለሴት ተማሪዎች ሴት መምህርት ትሂድ። ፕሮክተሩ ራሱ ብዙ ያውቃል፤ አልጋው ከመቼ ጀምሮ እንዳልተኛበት የሚነግራችሁ እሱ ነው። የክፍል ተጠሪውም እንዲሁ። ቀዝቀዝ ሲል፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሁሉን ይወስናል። «ለምን ቀረህ?» ክስ ነው፤ የሚያገኘው መልስም «አሞኝ ነበር» የሚል አጭር ማምለጫ ነው። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «ሰኞ ፈተናው ላይ አጣሁሽ፤ ደህና ነሽ ወይ ልጄ?» ከዚያ ዝም እላለሁ። ዝምታው ያስጨንቃል፤ ግን ታገሡት። አንድ ባልደረባዬ ከአንድ የጂግጅጋ ልጅ ጋር በአማርኛ አሥር ደቂቃ ተነጋግሮ ምንም ሳያገኝ ቀርቶ፣ ሶማልኛ የሚችል የላብራቶሪ ሠራተኛ ሲጨመር ልጁ ለአንድ ሰዓት ያህል ተናግሯል። ቋንቋ የሚችል ሰው አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

መስማት የምትጠብቁት ስንፍና ከሆነ ትገረማላችሁ። ከሰማኋቸው መካከል፦ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየው፣ መነጽር ግን አስቦ የማያውቅ ልጅ፤ ቤተሰቡ ብር መላክ ስላቆመ ቀን ቀን ከተማ ወርዶ የሚሠራ፤ በጉርብትና ከሚያውቃቸው ሰዎች ተለይቶ የማያውቅ፣ ሌሊት የሚያለቅስ፤ የፈተናውን ክፍል ለውጥ ማስታወቂያ ስልክ ስለሌለው ያላየ። ቪንሰንት ቲንቶ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1975 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሐሳብ ተማሪ የሚቆየው ከትምህርቱም ከሰውም ጋር ሲተሣሠር ነው ይላል፤ እዚህ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያዳመጠ ሰው ይህን ለማመን አይቸግረውም።

ሕመምንም በቁም ነገር ያዙት። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች፤ ሁለቱም በትንኝ የሚተላለፉ፣ ሰውን በትኩሳትና በቁርጥማት አልጋ ላይ የሚጥሉ ናቸው። ከአንድ ዶርም ሦስት አራት ልጆች በአንድ ሳምንት «ቀ» ከሆኑ ጉዳዩ ወደ ግቢው ክሊኒክ ይሂድ፤ የውጤት መዝገብ ከክሊኒኩ ቀድሞ ሊናገር ይችላል።

ንግግሩ እንዳለቀ አንድ መስመር ጻፉ፦ ዋና ምክንያት፣ የተስማማችሁበት ነገር፣ የሚከናወንበት ቀን። ከዚያ በላይ የልጁን ምስጢር በጽሑፍ አታስቀሩ።

ስምንተኛ፦ ለእያንዳንዱ ምክንያት የራሱን እርዳታ ስጡ

ለሁሉም ችግር የቅዳሜ ቱቶሪያል (ማጠናከሪያ ትምህርት) ማዘዝ ለሁሉም በሽታ አንድ ኪኒን እንደመስጠት ነው። ቱቶሪያል ላይ የሚገኙትም በአብዛኛው ሳይመጡ ማለፍ የሚችሉት ናቸው።

ፈተና ያመለጠው ልጅ የሚያስፈልገው የማካካሻ ፈተና ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ፣ ያለ ብዙ ወረቀት። ጥንዱን ጥያቄ በቋንቋ ምክንያት የሳተው በሒሳብ ቃላት ላይ ያተኮረ ሁለት ሦስት ክፍለ ጊዜ ይሰጠው፤ ቢቻል ቋንቋውን በሚችል ከፍተኛ ተማሪ። መሠረቱ የላላበት በጥያቄ ትንተናው የተገኘውን ክፍል ብቻ ይማር፤ ክፍልፋይ ያቃተውን ልጅ ስለ ሊሚት ማጠናከሪያ አትስጡት። ከቤተሰብ ሐዘን ወይም ከከባድ ሕመም የተነሣ መቀጠል ያልቻለ ደግሞ ዝም ብሎ ከሚጠፋ፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ በሥርዓት ዊዝድሮው እንዲሞላ እጁን ይዛችሁ ሬጅስትራር አድርሱት። ይህም ማቆየት ነው፤ የሚመለስበትን በር ክፍት ያደርጋል። የጊዜ ገደቡንና የማሰናበቻ ነጥቡን ከተቋማችሁ ሌጅስሌሽን (መተዳደሪያ ደንብ) አውጥታችሁ በአንድ ገጽ ጻፉና እያንዳንዱ አነጋጋሪ በኪሱ ይያዘው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በግል ኮሌጆች የክፍያ ክፍሉ ዝርዝር ራሱ ምልክት ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በትንሽ ቀሪ ዕዳ ምክንያት ከምዝገባ ሊሰረዙ የተቃረቡ ተማሪዎችን ፈልጎ ያችን ቀሪ የሚሸፍን አነስተኛ ድጋፍ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል። በመንግሥት ተቋማት ወጪው በኮስት ሼሪንግ (ተመርቆ ሥራ ሲይዝ በሚከፍለው የወጪ መጋራት) ስለሚመዘገብ ተማሪው በክፍያ አይሰረዝም፤ የሚያስወጣው የትራንስፖርት፣ የሳሙናና የፎቶ ኮፒ ብር ማጣት ነው። ለተማሪዎች ዲን የምታቀርቡት ጥያቄ ይህን በስምና በብር መጠን የለየ ይሁን፤ «ድጋፍ ይደረግላቸው» የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ዘጠነኛ፦ ሥራችሁ እንደሠራ ራሳችሁን አታታልሉ

ዓመቱ ሲያልቅ «ቱቶሪያል ከተከታተሉት 90 በመቶ አለፉ፣ ካልተከታተሉት ግን 60» የሚል ሪፖርት ለማቅረብ ትፈተኑ ይሆናል። አታቅርቡት። ሊመጡ የሚችሉት መጀመሪያውኑ ጤናቸውና ልባቸው የተረጋጋ ልጆች ነበሩ።

ይህ ስሕተት ትልልቆቹንም ይዟል። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮርስ ሲግናልስ የተባለ፣ ለተማሪው የመውደቅ ስጋቱን እንደ ትራፊክ መብራት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የሚያሳይ ሥርዓት ይጠቀም ነበር። ሥርዓቱ ያለበትን ሁለትና ከዚያ በላይ ኮርስ የወሰዱ ተማሪዎች በብዛት እንደቆዩ ሲነገር ብዙዎች ተደነቁ። በ2013 እ.ኤ.አ. ግን ተመራማሪዎች ቀላል ጥያቄ አነሡ፤ ተማሪው የቆየው ኮርሶቹን ስለወሰደ ነው፣ ወይስ ብዙ ኮርስ የወሰደው ስለቆየ ነው? ከአንደኛው ሴሚስተር በኋላ የወጣ ልጅ ብዙ ኮርስ ለመውሰድ ዕድሉ የለውም።

እናንተ የምታነጻጽሩት በደንቡ የተነሡትን በሙሉ ነው፤ የመጡትንም ያልመጡትንም። በምሳሌያችን ያንኑ ደንብ ባለፈው ዓመት መዝገብ ላይ ስትተገብሩት የተነሡት 90 ነበሩ፤ 42ቱ ወጥተዋል። ዘንድሮ በዚያው ደንብ ከተነሡት ስንቱ ወጡ? ከ90 ውስጥ 30 ከሆኑ የተሻለ ነገር እየተደረገ ይመስላል፤ 40 ከሆኑ ገና ነን። የፈተናው ክብደት ወይም የቅበላው መስፈርት ከዓመት ዓመት ከተለወጠ ያንንም ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉት። ደንቡ ሳያነሣቸው የወጡትንም አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ደንብ የሚጨመረው አዲስ ምልክት ከእነሱ መዝገብ ይገኛል።

አሥረኛ፦ የሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው

ከሬጅስትራር ያልተመዘገቡትን ዝርዝር ውሰዱ። ከአንደኛው ሴሚስተር ዝርዝር ጋር በመታወቂያ ቁጥር አገናኙ፤ ያለፉ ሆነው ያልተመዘገቡትን ለዩ። ጥቂት ይሆናሉ። ስልካቸው ላይ ደውሉ፤ ካልተነሣ በምዝገባ ቅጹ ላይ ለአስቸኳይ ጊዜ የተመዘገበውን የቤተሰብ ስልክ ሞክሩ። ስታስተዋውቁ ስማችሁንና የትምህርት ክፍሉን ብቻ ተናገሩ፤ ቤተሰብ ልጁ ትምህርት ላይ ያለ መስሎት ሊሆን ይችላል፤ ወሬውን ከእናንተ አይስማ። «መምህሩ ነኝ፤ እንዲደውልልኝ ይንገሩልኝ» ይበቃል። የምዝገባው መዝጊያ ቀን የትኛው እንደሆነና በመዘግየት የሚመዘገቡት እስከ መቼ እንደሆነ አስቀድማችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አጠገባችሁ አኑሩ፤ ልጁ መልሶ ሲደውል የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነው።